ግማሹን ብቻ ንገራት

ኻሚስን መጀመሪያ ያየሁት መሬት ላይ ተዘርፍጦ ከቀርከሃ ከተሠራች አሻንጉሊት ጋር ሲያወራ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ መልከ መልካም ጎረምሳ፣ ያውም በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ! እብድ ነው አልኩ። እህቴን በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት የሰፈራ አምባችን ሰዎችም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ ቃሬዛውን በሩ ላይ አስቀምጠው ቆሙ።

ጊዜው ሚያዝያ 1978፣ ቦታው አሶሳ ነው። እኔ የወርቅውሃ እባላለሁ፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴ ውድነሽ ስምንት ዓመቷ ነው። ከወሎ ለሰፈራ ከመጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል፤ ሁለት ብቻ ነን፤ እናታችን እዚያው ቀርታለች።

አምባችን የተመሠረተው የቀርከሃ ጫካ ተመንጥሮ ነው። ቀርከሃ ሲቆረጥ መሬት ላይ የሚቀረው ጉቶ ጫፉ የሾለ ነው። ውድነሽ እንጨት ልትለቅም ሄዳ አንዱ ጉቶ ላይ ወደቀችና ቅልጥሟን ወጋት። አመድ ነሰነስንበት፤ ቅጠል አሰርንበት። ይድናል አልኩ፤ እኔ መቼም ይድናል ማለት አይሰለቸኝም። በወሩ እግሯ አብጦ መሽተት ጀመረ። ከአምባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ሄዶ ነበርና አምስት ቀን ጠበቅነው።

በዚያ ሆስፒታል የልጆች ቁስል የሚጠረገው እንዲህ ነበር፤ «ና፣ ከረሜላ ልስጥህ» ይሉታል። ልጁ ሲመጣ አራት ሰው አፈፍ አድርጎ ይይዘዋል። ጩኸቱ ግቢው ውስጥ ይሰማል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች ያንን እየሰሙ ከእናቶቻቸው ጉያ ይሸሸጋሉ። እናቶቹም ሌላ ብልሃት ስለሌላቸው «ዝም ካላልክ መርፌ ይወጉሃል» ይላሉ። በማግስቱ መርፌ ይወጋል።

ኻሚስ ድሬሰር ነው፤ ቁስል አጣቢ። የእሱ አሠራር ግን ሌላ ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ እኔን አላየኝም፤ ውድነሽን ነው ያየው። ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ዓይኖቹ ከዓይኖቿ ዝቅ አሉ።

«ስምሽ ማነው?»

ፊቷን አዞረችበት።

«እኔ ኻሚስ ነኝ። ይሄ መቀስ ነው። ፋሻ ይቆርጣል፣ አንቺን አይቆርጥም። ንኪው። ከዚያ በውኃ አርሰዋለሁ፤ ውኃው ይቀዘቅዛል። ከዚያ የተጣበቀውን ሳላቅቅ ያማል። በጣም ያማል። ያን ጊዜ ‹ቁም› በይኝ፤ እቆማለሁ።» የሚለውን ሁሉ በአሻንጉሊቷ እግር ላይ ሠርቶ አሳያት።

ውድነሽ አሻንጉሊቷን ትኩር ብላ አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ ለቀናት ያልተናገረችው ልጅ፣ «ይሄም እንደ ስንዴው ነው?» አለችው።

አልገባውም። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያ መጀመሪያ ያየኝ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን አቀርቅሬ ነበር።

«ምን እንደሆነ አላውቅም» አላት። «እኔ ያልኩሽ ግን እውነት ነው።»

ገና ፋሻውን ከመንካቱ «ቁም!» አለችው። እጁን አነሳ። ቀጠለ። «ቁም!» እጁን አነሳ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። እየፈተነችው መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ ከኋላው የቆመችው ሲስተር ጸሐይ ሰዓቷን አየች። እሱ ግን በሦስቱም እጁን አንስቶ ጠበቃት። በአራተኛው ውድነሽ ዓይኗን ጨፍና «ቀጥል» አለች። አለቀሰች፤ ግን ማንም አልያዛትም።

ከዚያ በኋላ በግቢው ማንጎ ሥር ያጠብኩትን ፋሻ ሳሰጣ መጥቶ ጠየቀኝ። «ስንዴው ምንድን ነው?»

ልነግረው አልፈለግሁም። ነገርኩት። በኅዳር 1977 ወሎ መጠለያ ውስጥ ነበርን። እናታችን ውኃ ልትቀዳ ርቃ ሄዳለች። ስንዴ የሚፈልግ ይመዝገብ ተባለ፤ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀት ላይ አሳረፍኩ። መኪናው አጠገብ ስንደርስ ነገሩ የስንዴ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ወታደር ከኋላችን ነው፤ ሰው ይገፋል። ውድነሽ «እማዬ ሳትመጣ አልሄድም» ብላ ቀሚሴን ይዛ ጮኸች። በዱላ እንዳይመቷት ፈራሁና «ስንዴ ተቀብለን ማታ እንመለሳለን» አልኳት። ዝም አለች። አምናኝ ወጣች። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ውስጥ ሲያስገቡን ጆሮዬ ሥር «ስንዴው የት ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ይህን ስናገር እንባዬ መውረዱን አላወቅሁም።

«አንተ ለምን ታለቅሳለህ?» አለኝ ደንግጦ።

ኻሚስ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታቸው የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው። ደኅና ይናገራል፤ ሲደነግጥና ሲቸኩል ግን ሴቷን ወንድ ያደርጋታል። በእንባዬ መሐል ሳቅሁ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ባለ ርኅራኄ ወንድ አድርጎኝ አያውቅም።

እንዲህ ተጀመረ። ውድነሽ እዚያው ተኝታ ቆየች፤ እኔም አልጋዋ ሥር እያደርኩ ፋሻ አጥባለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ። ሥራ ስፈታ ኻሚስን አያለሁ። እሱም ያየኝ ነበር፤ ሳየው ደግሞ መድኃኒት ጠርሙስ እንደሚያነብ ይሆናል። አንድ ቀን ጠርሙሱ የተገለበጠ ነበር።

አብረን የሠራነውንም ልንገር። ሰፋሪዎች ለኦፕራሲዮን ወረቀት ላይ ጣታቸውን አናሳርፍም እያሉ ያስቸግሩ ነበር። ሀብቱ የሚባል ከሌላ አምባ የመጣ ሰው ልጁ አንጀቱ ወርዶ መቀደድ አለበት ተባለ። ሰውዬው ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ተቀመጠ።

«ለልጅህ ነው እኮ!» አለችው ሲስተር ጸሐይ። የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ደግ ናት፤ ግን ትዕግሥቷ አጭር ነው። «ፈርም በቃ!»

«ጣቴን ካሳረፍሁ ልጄን ወዴት ትወስዱታላችሁ?» አለ ሀብቱ።

ማንም አልገባውም። እኔ ገባኝ። ኻሚስን ወደ ጥግ ጠርቼ ነገርኩት፤ «ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ጣቱን ያሳረፈ ቀን አገሩን አጥቷል።»

ኻሚስ አሰበ። ከዚያ ሀብቱን እጁን ይዞ ባዶውን የኦፕራሲዮን ክፍል አሳየው። አልጋውን፣ መብራቱን፣ በሩን። እኔ በእኛ አገር አነጋገር እየደገምኩ አስረዳሁት፦ «አባዋ፣ ልጅዎ በዚህች በር ይገባል፤ በዚህችው በር ይወጣል። ሌላ በር የለም። መኪና የለም። እርስዎ እዚህ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።» ሀብቱ ግድግዳውን ዞሮ ዳሰሰው። እውነትም ሌላ በር አልነበረውም። ከዚያ ጣቱን ከብብቱ አወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፋሪ በመጣ ቁጥር ሲስተር ጸሐይ «የወርቅውሃን ጥሯት» ትል ነበር። እሱ ለልጆቹ፣ እኔ ለወላጆቹ። ደስ ይለኝ ነበር። አገሬን ካጣሁ ወዲህ ጠቃሚ ሆኜ የተሰማኝ ያኔ ነው።

ግንቦት ላይ ማንጎው በሰለ። ኻሚስ ልጦ እየሰጠኝ ሳለ ድንገት ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን አንድ ነገር እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ትደነግጫለሽ። ከዚያ ዝም ትያለሽ። ከዚያ ትመልሽልኛለሽ፤ ዛሬ ባይሆንም ግድ የለም።»

«ምንድን ነው?»

«ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

«ቁም!» አልኩት።

ቆመ። የያዘው ማንጎ ጭማቂው በክንዱ ላይ እየፈሰሰ ቆመ። እኔም ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም አፈርን።

«ቀጥል» አልኩት ከብዙ ቆይታ በኋላ።

«እናቴ ዓኢሻ ትባላለች። ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ማሽላ የምንዘራበት መሬት ላይ ነው የሰፈሩት› አለች።»

ሃይማኖታችን አንድ ነው፤ ለዚያ አልሰጋሁም። ይሄኛውን ግን ምን ብዬ እመልሰዋለሁ? «እኔ መሬታችሁን ስጡኝ ብዬ አልመጣሁም» አልኩት።

«እሱንም ነገርኳት» አለ። «እያሰበችበት ነው።»

እናቱ አስባ ሳትጨርስ ዶክተር ነገራ ጠራኝ።

ዶክተሩ ድካም የማይለየው ሰው ነው፤ ለዚያ ሁሉ አገር አንድ እሱ ነው። መግሉ የውድነሽ አጥንት ውስጥ ገብቷል አለኝ። ሁለት ጊዜ ጠርጎታል፤ አልሆነም። አሁን እግሯ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። ካልተቆረጠ መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ይገድላታል። «ከነገ ወዲያ» አለኝ። ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ።

ያስረዳኋቸው ወላጆች ሁሉ ትዝ አሉኝ። በዚህች በር ይገባል፤ በዚህችው በር ይወጣል። ከገባው ምን ያህሉ እንደሚወጣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጣቴን አሳረፍኩ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?

ኻሚስ ማንጎው ሥር እየጠበቀኝ ነበር። ሰምቷል።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አለ። «አንድ ቀን ሙሉ ለማልቀስ ያስፈልጋታል። የአሻንጉሊቷን እግር ቆርጬ አሳያታለሁ። የተቆረጠው ቦታ እንዴት እንደሚታሰር፣ በምርኩዝ እንዴት እንደምትሄድ…»

«አትነግራትም።»

«የወርቅውሃ…»

«ይጠረጋል በላት። እንደ በፊቱ ይጠረጋል፣ በፋሻ ይታሰራል በል። ግማሹን ብቻ ንገራት። ቀሪውን ከነቃች በኋላ እኔ እነግራታለሁ።»

«ልጆቹን ዋሽቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምታምንህ።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህች አፌ። «እያወቀች አትገባም ኻሚስ። ትሮጣለች፤ አልጋውን ትይዛለች፤ አራት ሰው ይይዛታል። እየጮኸች ስትገባ ማየት አልችልም። አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

«ትጮኻለች። ከዚያ ትገባለች። አይቼ አውቃለሁ።»

«የምትወደኝ ከሆነ» አልኩት።

ይህ ቃል ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ኻሚስ ፊቴን አየ። ከዚያ ውድነሽ ወደተኛችበት ክፍል ገባ።

ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። መሬት ላይ ተቀመጠ። አሻንጉሊቷን አወጣ። ስለ ማደንዘዣው ነገራት፤ ክንዷ ላይ አንዴ እንደሚወጋት፣ እስከ አሥር ቆጥራ ሳትጨርስ እንቅልፍ እንደሚወስዳት። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ፋሻ አውጥቶ የአሻንጉሊቷን እግር ከጉልበት እስከ ጣት ጠመጠመ።

«ጋሼ ኻሚስ፣ ስነቃ እንዲህ ሆኖ ነው የማገኘው?»

«አዎ» አላት። ሁልጊዜ ዓይኗን እያየ ነበር የሚያወራት፤ ያን ጊዜ ወለሉን አየ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት እየሳቀች ገባች። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሀብቱን ያስቀመጥኩበት ቦታ ነው። አላህ ሆይ አልኩ፤ ከዚያ የምጨምረው ቃል አጣሁ። ከውስጥ የብረት ድምፅ ሲሰማ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

የነቃችው ከሰዓት ነው። ኻሚስም እኔም አጠገቧ ነበርን። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ እጇ ወደ ታች ሄደ። ብርድ ልብሱን ዳሰሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ዳሰሰ። ልነግራት ወደ እሷ ጎንበስ አልኩ። እሷ እኔን አላየችኝም። ያየችው እሱን ነው።

«ተኝቼ ‹ቁም› ማለት አልችልም ነበር እኮ» አለችው።

ኻሚስ አልሸሸም። «አዎ። ዋሸሁሽ» አላት።

«እህትሽ ናት የለመነችኝ» አላለም። ወደ እኔ ዞሮ እንኳን አላየም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውድነሽ ኻሚስ እንዳይነካት ከለከለች። ጋሼ ማለቷንም ተወች። ቁስሏ ግን በየቀኑ መታጠብ ነበረበት፤ ስለዚህ አራት ሰው መጣ። እግሯን ሁለት፣ እጇን አንድ፣ ትከሻዋን እኔ። ማየት አልችልም ያልኩትን ነገር በየማለዳው በእጄ ይዤ ሠራሁት።

ነገሩ በእሷም አላበቃም። ልጆች ሁሉን ይሰማሉ። አንገቱ ላይ እባጭ ብቻ የነበረበት ባፈና የሚባል ልጅ፣ ኻሚስ አጠገቡ ሲቀመጥ «ስተኛ አንገቴን ትወስደዋለህ?» ብሎ ከአልጋ ዘሎ ወረደ። ሌሎቹም ሸሹት። አሻንጉሊቷን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የሚቀርበው የለም። ከሳምንት በኋላ «ከረሜላ ልስጥህ» የሚለው ድምፅ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ማንጎው ሥር ስጠብቀው መጣ።

«ሆሞሻ ጤና ጣቢያ ሰው ጎድሏል፤ ልሂድ ብዬ ጠይቄያለሁ» አለኝ። «እዚያ የሚያውቀኝ ልጅ የለም።»

«እነግራታለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት ብዬ እነግራታለሁ።»

«አትንገሪያት።»

«ለምን?»

«እኔን ብታጣ ድሬሰር ነው ያጣችው። አንቺን ካጣች ግን ማን አላት?» ድምፁ ተሰበረ። «አንተ ለእሷ ታስፈልጋለህ» አለኝ፤ ተደናግሮ እንደገና ወንድ አደረገኝ። በዚህኛው ግን አልሳቅሁም።

ትክክል ነበር። ክፋቱ ትክክል መሆኑ ነው። ብነግራት እህቴ በዓለም ላይ የምታምነው ሰው አይኖራትም፤ ባልነግራት ደግሞ ያ ሰው የእኔን ኃጢአት ተሸክሞ ይሄዳል። ስምንት ቀን በሁለቱ መሐል ቆምኩ። ስምንት ቀን ትከሻዋን ያዝኩ።

በዘጠነኛው ቀን ስይዛት እጄን ነከሰችኝ። ሰዎቹ ሲወጡ የነከሰችውን ቦታ በጣቷ አሻሸችልኝ።

«ይቅር በይኝ እትዬ» አለች። «አንቺ ብቻ ነሽ የማትዋሺኝ። ስንዴውንም አንቺ አይደለሽም፤ አንቺንም አታለውሽ ነው።»

ከዚህ በኋላ ዝም ለማለት ሰው አለመሆን ያስፈልጋል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ውዴ፣ ስንዴ አለመሆኑን አውቄ ነበር» አልኳት። «መኪናው ጋ ስንደርስ አውቄ ነበር። እንዳይመቱሽ ብዬ ዋሸሁሽ። እግርሽም እንደሚቆረጥ አውቄ ነበር። ኻሚስ ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ነኝ ለምኜ የከለከልኩት።»

ጠበቅሁ። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለት ቀን ከእጄ ምንም አልበላችም፤ ሲስተር ጸሐይ ናት ያጎረሰቻት። በሦስተኛው ቀን፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ሲስተር፣ ኻሚስን ጥሪልኝ» አለቻት።

ኻሚስ የሆሞሻውን ደብዳቤ ተቀብሎ ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። ቢሆንም መጣ። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እንዳትነግረኝ ያለችህ እሷ ናት?»

«የለመነችኝ እሷ ናት። የዋሸሁሽ ግን እኔ ነኝ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ስለምወዳት።»

ውድነሽ ይህን አሰበችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ አፍ በሰው ፊት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ የተነገረው ግን ለጥፋቱ ምክንያት ሆኖ ነው።

«ሁለተኛ አትዋሸኝ።»

«አልዋሽሽም።»

«እሷን ብትወዳትም?»

ኻሚስ ቀና ብሎ አየኝ። «ብወዳትም» አለ።

«እንግዲያው አንተ እጠበኝ» አለችውና ብርድ ልብሱን ገለጠች።

ቁስሏ ሲድን ኻሚስ ቀድሞን ሆሞሻ ሄደ፤ እኔም ላገባው እሺ ብዬ ነበር። ሰፋሪ ግን ከአምባ አይለቅም ነበር። ሲስተር ጸሐይ «የሕክምና ክትትል ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት ጽፋልን፣ ወረቀቱ ከኮሚቴ ኮሚቴ አራት ወር ዞሮ፣ በኅዳር 1979 ሆሞሻ ገባን። የኻሚስ እናት ዓኢሻ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ፊቷ አልተፈታም። ከዚያ በምርኩዟ የቆመችውን ውድነሽን አየች።

«ልጁ ደከመ» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «አስገባ። ውኃ አለ።»

የእኔ ሠርግ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ አልመኝም ነበር፤ ማታ ላይ ኻሚስ እጄን ይዞ «መጀመሪያ ትደነግጫለሽ ብዬሽ ነበር» አለኝና ሁለታችንም በእንባ መሐል ሳቅን።

ደስተኛ ነበርኩ፤ አልክድም። ባሌን እወደዋለሁ፤ ይወደኛል። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ ቃል ብቻውን አይቆምም ነበር። «ውዴ፣ ራቱ ደርሷል» እላታለሁ፤ ውድነሽ ወደ ኻሚስ ዞራ «እውነት ነው?» ትለዋለች። «ነገ ትምህርት ቤት ይከፈታል»፤ «ኻሚስ፣ እውነት ነው?» በክፋት አልነበረም። ድምፅዋ ውስጥ ቂም እንኳን የለም። ውኃ ከመጠጣትሽ በፊት ተመልከቺው እንደተባለች ልጅ፣ ልማድ ሆኖባት ነበር። ኻሚስም «እውነት ነው» ይላታል፤ ከዚያ ከምርኩዟ ጋር ብድግ ትላለች። አሥራ ስድስት ወር እንዲህ ኖርን። ምንም ማድረግ አልቻልኩም። እመኑኝ ተብሎ አይለመን ነገር።

በመጋቢት 1980 ደብዳቤ መጣ። ኻሚስ በየመሥሪያ ቤቱ እየጻፈ እናታችንን ሲያፈላልግልን ቆይቶ ነበር። ከጤና ጣቢያው ለምሳ ሲመጣ ይዞት ገባ። ከፍቶ አንብቦታል፤ ከፊቱ ገባኝ። እኔም በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምሬ ስለነበር ተቀብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደብዳቤውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

«እኔ ልንገራት?» አለኝ ኻሚስ በቀስታ። «እኔን ታምነኛለች።»

«አይ» አልኩት። «እዚህ ቆይ።»

ውድነሽ ጓሮ፣ ጥላው ሥር ቁጭ ብላ የትምህርት ቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አጠገቧ ሄድኩ። አልጋ ላይ እንዳለች በሽተኛ ሳይሆን እንደ አሥር ዓመት ልጅ አየኋት።

«ውዴ፣ የማወራሽ ነገር ያማል» አልኳት። «ስለ እናታችን ደብዳቤ መጥቷል። የጻፈችው እሷ አይደለችም። እናታችን ሞታለች።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«መቼ?»

«አምና፣ በጥቅምት።»

«ታማ ነበር?»

«ወባ ነው ይላል። ሌላ አልጻፉም።»

«እዚያው መጠለያው ነው?»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አዎ ብል ማንም አያውቅብኝም፤ አንዲት ቃል ናት። ሕፃን ልጅ ይህን አውቃ ምን ይጠቅማታል የሚለው ያ አሮጌ ሐሳብ መጣብኝ።

«አይደለም» አልኳት። «እኛ በሄድን በሁለተኛው ሳምንት እሷም ተመዝግባ ነበር። ልጆቼ ወደሄዱበት ውሰዱኝ ብላ ጣቷን አሳረፈች። የጫኗት ግን ወደ ጋምቤላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሆና ስታጠያይቀን ነበር። የሞተችው ጋምቤላ ነው።»

ውድነሽ አየችኝ። ከዓይኔ ላይ አንዳች ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ኻሚስ በራፉ ላይ ቆሟል፤ ከተቀመጠችበት ሆና ታየው ነበር።

«ፈልጋን ነበር ማለት ነው» አለች።

«ፈልጋን ነበር።»

ወደ በራፉ አልዞረችም። ደብተሯን ዘጋችና ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጥላ አለቀሰች። ከወሎ ከወጣን ጀምሮ እኔ ላይ ተደግፋ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ኻሚስ ሊመጣ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ገባ፤ የእናቱን ድምፅና የውኃ መቅጃ ድምፅ ሰማሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደዚያው ሆነን ቆየን፤ ኻሚስም ያን ቀን ወደ ሥራው አልተመለሰም።